የ271 መልስን በየትኛው ላይብረሪ እናንብበው? ለአዲስ አበባ ዴቨሎፐሮች የንጽጽር መመሪያ

አሜሪካ ያለ ክሊኒክ ታካሚ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል። የሰውየው ኢንሹራንስ ዛሬ ይሠራል ወይ? ከራሱ ኪስስ ስንት ይከፍላል? ጥያቄውን ወደ ኢንሹራንሱ የሚወስደው ፋይል 270 ይባላል። መልሱን ይዞ የሚመጣው 271 ነው። ሁለቱም የኤክስ12 ቤተሰብ ናቸው። ኤክስ12 ከ1979 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የድርጅቶችን የፋይል ልውውጥ ደንብ የሚያወጣ የአሜሪካ አካል ነው። በ1996 የወጣው የሂፓ ሕግ ደግሞ የጤናው ዘርፍ አንድ ወጥ ደንብ እንዲከተል አስገደደ። ዛሬ የሚሠራበት ቅጂ 5010 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። የ270/271 ሙሉ መለያ ቁጥር 005010ኤክስ279ኤ1 ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ይህን የምጽፈው ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባሉ ቢሮዎች ተቀምጠው ለአሜሪካ ክሊኒኮች ሶፍትዌር ለሚሠሩ ልጆች ነው። የኒውዮርክ ክሊኒክ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍት እኛ ጋ በእነሱ በጋ ከቀኑ 9፣ በእነሱ ክረምት 10 ሰዓት ነው። የሪሴፕሽን ግርግራቸው የሚጀምረው እኛ ወደ ቤት ማሰብ ስንጀምር ነው ማለት ነው። ያኔ 271 የሚያነበው ኮድ ቢሳሳት፣ እዚያ ማዶ አንድ ሰው የማይገባውን ሂሳብ ይከፍላል። ወይም መታከም የሚችል ሰው «ኢንሹራንስህ አይሠራም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የላይብረሪ ምርጫው ለኔ ተራ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም።

መጀመሪያ ፋይሉን እንየው

ብዙ ሰው የ271 ችግር ጽሑፉን መቆራረጥ ይመስለዋል። እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ የተቆራረጠው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነው። ለምሳሌ ያህል ከፈጠርኩት መልስ አምስት መስመር እነሆ። ፊደላቱን በኛ ጽፌያቸዋለሁ፤ በፋይሉ ላይ የላቲን ናቸው።

ኢቢ\*1\*\*30\*\*ጎልድ ፒፒኦ~
ኢቢ\*ሲ\*አይኤንዲ\*30\*\*\*23\*1500\*\*\*\*\*ዋይ~
ኢቢ\*ሲ\*አይኤንዲ\*30\*\*\*29\*420\*\*\*\*\*ዋይ~
ኢቢ\*ሲ\*አይኤንዲ\*30\*\*\*23\*3000\*\*\*\*\*ኤን~
ኢቢ\*ቢ\*\*98\*\*\*27\*25\*\*\*\*\*ዋይ~

ኢቢ የሽፋኑን መረጃ የሚይዝ መስመር መጠሪያ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ሽፋኑ ይሠራል» ይላል። በመጀመሪያው ቦታ ያለው 1 ማለት ያ ነው፤ 6 ቢሆን ኖሮ ሽፋኑ አይሠራም ማለት ነበር። 30 ደግሞ ጠቅላላ የጤና ሽፋን ነው። ቀጥለው የመጡት ሦስት መስመሮች ሁሉም «ሲ» ናቸው። ሲ ማለት ዲዳክቲብል ነው፤ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚጨርሰው ገንዘብ። ታዲያ ሰውየው ስንት ይቀረዋል? 1500? 420? 3000?

መልሱ ያለው ኮከቦቹ መሀል ነው። ስድስተኛው ቦታ ላይ ያለው 23 «የዓመቱ ጠቅላላ» ነው። 29 «የቀረው» ነው። አሥራ ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለው ዋይ «በኔትወርክ ውስጥ» ሲሆን ኤን «ከኔትወርክ ውጭ» ነው፤ ኔትወርክ እዚህ ከኢንሹራንሱ ጋር የተዋዋሉ ሐኪሞች ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ሰው በኔትወርኩ ሐኪም ዘንድ 1500 ዶላር ነበረበት፤ 1080ውን ጨርሷል፤ 420 ቀርቶታል። የመጨረሻው መስመር ለአንድ የሐኪም ቢሮ ጉብኝት 25 ዶላር ኮፔይ አለበት ይላል። «መጀመሪያ ያገኘኸውን ሲ አንሳ» የሚል ኮድ 1500 ብሎ ለሪሴፕሽኑ ያሳያል። ታካሚው ከሚገባው በላይ 1080 ዶላር ተጨምሮበት ይጠየቃል። ፕሮግራሙ ግን ምንም ስህተት አላሳየም፤ ቴስቱም አልፏል።

ሌላም አለ። ሦስተኛው ቦታ ላይ 30 ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ብዙ የአገልግሎት ኮዶች ሊደረደሩ ይችላሉ። 5010 ይህን በመድገሚያ ምልክት ይፈቅዳል። ምልክቱን የማያውቅ ኮድ ሁሉንም እንደ አንድ ረጅም ቃል ያነበዋል። የመቶኛ ክፍያ ሲመጣ ደግሞ 20 በመቶ የሚጻፈው .2 ተብሎ ነው። ከኢቢው በታች ኤምኤስጂ የሚባል ነጻ ጽሑፍ ይመጣል፤ አንዳንዱ ኢንሹራንስ ዋናውን ገደብ እዚያ ውስጥ በሰው ቋንቋ ይጽፈዋል። ያ ጽሑፍ የየትኛው ኢቢ እንደሆነ ካልታወቀ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ሉፕ የሚባለው ነገር የሚመጣው፤ አብረው የሚሄዱ መስመሮች ስብስብ ማለት ነው። ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ዝርዝር ቢመስልም በውስጡ ዛፍ ነው። ኤችኤል የሚባሉት መስመሮች ደረጃውን ይናገራሉ። 20 ኢንሹራንሱ፣ 21 ጠያቂው ክሊኒክ፣ 22 ዋናው ተመዝጋቢ፣ 23 በእሱ ስር ያለ ቤተሰብ። አባት ተመዝጋቢ ሆኖ ልጁ ቢታመም ጥቅሙ የሚጻፈው 23 ስር ነው። ልጁ የራሱ መለያ ቁጥር ካለው ግን እንደ ዋና ተመዝጋቢ ይቆጠራል። ስም የሚይዘው ኤንኤም1 በየደረጃው ይደጋገማል። ኢቢው ስር በተከፈተ ንዑስ ሉፕ ውስጥ ሌላ ኢንሹራንስ ወይም የቤተሰብ ሐኪም በኤንኤም1 ሊጠቀስ ይችላል። በስም ብቻ የሚፈልግ ኮድ የሐኪሙን ስም የታካሚ ስም አድርጎ ሊያወጣ ይችላል።

እምቢታውም እንዲሁ ነው። ኢንሹራንሱ መመለስ ሲያቅተው ኤኤኤ የሚባል መስመር ይልካል። ኮድ 42 «አሁን መመለስ አልችልም» ነው። 72 «የአባልነት ቁጥሩ ልክ አይደለም»፣ 73 «ስሙ ልክ አይደለም»፣ 75 «እንዲህ ያለ ተመዝጋቢ የለም» ነው። 43 የሐኪሙ መለያ ላይ ችግር አለ ይላል። 42 የኢንሹራንሱ ደረጃ ላይ ሲመጣ ቆይቶ መሞከር ነው። 75 ሲመጣ ግን መቶ ጊዜ ቢሞከር ለውጥ የለውም፤ ሰው ካርዱን ማየት አለበት። ኤኤኤው የትኛው ደረጃ ላይ እንደመጣ የማይነግር ላይብረሪ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይደብቃል።

ይህ ደግሞ ለኛ ሰው ቅርብ ነገር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ዘመዳችሁን አስቡ። ካርዱ ላይ የአባቱ ስም «የመጨረሻ ስም» ሆኖ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ የአያቱ ስም ሊሆንም ይችላል። ሪሴፕሽኑ አቀያይሮ ከጻፈው 73 ወይም 75 ይመጣል። ኮዱ በትክክል ከተነበበ «ስሙን ከካርዱ ጋር አመሳክሩ» የሚል መልእክት ማሳየት ይቻላል። በደንብ ካልተነበበ «ኢንሹራንስ የለውም» ይባላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በእጅ መጻፍ

የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሌም ይህ ነው። «በቲልድ ቁረጠው፣ ከዚያ በኮከብ ቁረጠው፣ አለቀ።» ለአንድ ቀን ምርመራ ይሠራል። አንድ ፋይል ከፍታችሁ ምን እንዳለ ለማየት ከሆነ ላይብረሪ ማምጣት ትርፍ ነው።

ለምርት ግን አልመክርም። መለያዎቹ ኮከብና ቲልድ ይሆናሉ የሚል ደንብ የለም፤ ላኪው ነው የሚመርጣቸው። የሚታወቁት ከፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ከአይኤስኤ ነው። አይኤስኤ ርዝመቱ ቋሚ ነው፤ ከመዝጊያው ጋር 106 ካራክተር። አራተኛው ካራክተር የክፍል መለያ፣ 105ኛው የንዑስ ክፍል መለያ፣ 106ኛው የመስመር መዝጊያ ነው። አንዱ ላኪ ከመዝጊያው ቀጥሎ አዲስ መስመር ይጨምራል፣ ሌላው ሁሉንም በአንድ መስመር ይገፋዋል። እነዚህን ሁሉ አስተካክላችሁ፣ ከዚያ ዛፉን ሠርታችሁ፣ ከዚያ ኢቢዎቹን ለይታችሁ ስትጨርሱ ላይብረሪ ጽፋችኋል። ሜንቴይን የምታደርጉትም እናንተው ብቻ ናችሁ።

ፓይኤክስ12

ለፓይተን ሰዎች አንጋፋው ይህ ነው። ፈቃዱ ቢኤስዲ ነው፤ ለንግድ ሥራ አያስቸግርም። የተሠራው በዋናነት ለማጣራት ነው። የየግብይቱን (እንደ 270 እና 271 ያለውን የየፋይል ዓይነት) ደንብ በኤክስኤምኤል ካርታ ይዟል፤ ፋይሉን ከካርታው ጋር እያስተያየ ይሄዳል፤ ስህተቶቹን ይሰበስባል፤ የ997 ወይም የ999 ማረጋገጫ ፋይል ያወጣል። የምወድለት ጸባዩ ይህ ነው፦ የተበላሸ መስመር ሲያገኝ «እዚህ ቦታ ይህ ተበላሽቷል» ብሎ መዝግቦ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

አብረውት የሚመጡት ትንንሽ መሣሪያዎች ለብቻቸው ዋጋ አላቸው። አንዱ ፋይሉን ሰው በሚያነበው መልክ በኤችቲኤምኤል ያወጣዋል። ለአዲስ ልጅ 271 ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ሌላው የተጨማለቀ ፋይል በየመስመሩ አስተካክሎ ይሰጣል። በሉፕ እየከፈለ የሚያነብ ክፍልም አለው። የሉፑን ስም ትሰጡታላችሁ፣ ከነልጆቹ ያመጣላችኋል።

ጎዶሎው አሠራሩ ላይ ነው። ኮዱ የቆየ ስልት አለው። ዘመናዊ የታይፕ ድጋፍ ለለመደ ዴቨሎፐር መጀመሪያ ግር ይላል። መልሱ እንደ ጄሰን ተስተካክሎ አይመጣም፤ ከዛፉ እየለቀማችሁ ትገነባላችሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ደግሞ የካርታውን ፎልደር ክፈቱና የምትጭኑት ቅጂ ውስጥ ኤክስ279 መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። የ4010፣ ማለትም የቀድሞው ቅጂ፣ ካርታ ብቻ ያለው ነገር ለዛሬ ሥራ አይሆንም። ይህ ለሁሉም ላይብረሪ ይሠራል። «271 ይደግፋል» የሚል መግለጫ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛውን 271?

ሊኑክስ ፎር ሄልዝ ኤክስ12

ይህም ፓይተን ነው፤ ፈቃዱ አፓቺ 2.0። መንገዱ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ መስመርና እያንዳንዱ ሉፕ በፓይዳንቲክ ሞዴል ተጽፏል። 270 እና 271ን በ005010ኤክስ279ኤ1 ቅጂ ይዟል። ፋይሉን ስታስገቡት የተሟላ ዛፍ ሆኖ ይወጣል፤ በአንድ ትእዛዝ ወደ ጄሰን ይለወጣል። ኮድ ኤዲተራችሁ የየመስኩን ስም እየጠቆመ ይረዳችኋል። «ሦስተኛው ኮከብ ምን ነበር?» ብሎ መቁጠር ቀረ ማለት ነው።

ከባዱ ጎኑ ጥብቅነቱ ነው። ሞዴሉ ደንቡን ያስከብራል። ኢንሹራንሱ አንድ የማይፈቀድ ኮድ ከላከ ወይም ግዴታ የሆነ መስመር ካጓደለ ያ ግብይት በሙሉ በስህተት ይወድቃል። ደንብ አክባሪነቱ በራሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው «የኢንሹራንስህ ፋይል ደንብ ጥሷል» ብሎ መንገር አይቻልም። አንዳንድ ኢንሹራንሶች ደግሞ ደንቡን በትንሹ እየጣሱ ዓመታት ይኖራሉ፤ ደብዳቤ ቢጻፍላቸውም አይለውጡም።

እንደ እድል ሆኖ ላይብረሪው ሁለት ማንበቢያ አለው። አንዱ ሞዴል የሚሠራው ነው። ሌላው መስመር በመስመር ብቻ የሚያነበው ነው። እኔ የምመክረው አሠራር እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በሞዴል ሞክሩ። ከወደቀ በመስመር አንባቢው ቢያንስ ሽፋኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውንና ኤኤኤዎቹን አውጡ፤ ገንዘቡን ግን «በሰው ይታይ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ጥሬውን ፋይል አስቀምጡ። ግማሽ እውነት ከነማስጠንቀቂያው መስጠት ከሙሉ ግምት ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሩ። ፓይዳንቲክ በ2023 ሁለተኛ ቅጂውን ሲያወጣ ብዙ ነገር ቀይሯል። የእናንተ ፕሮጀክት የሚጠቀመው ቅጂ ላይብረሪው ከሚፈልገው ጋር ይስማማል ወይ? ካልተስማማ 271 አንባቢውን ለብቻው ትንሽ ሰርቪስ አድርጎ ማቆም ይቻላል። ላይብረሪው ራሱ በኤፒአይ መልክ የሚነሳበት መንገድ ስላለው ይህ ብዙ ሥራ አይደለም።

ስቴኢዲአይ

የጃቫ ቡድን ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ። ፈቃዱ አፓቺ 2.0 ነው። ፋይሉን በጅረት ያነባል፤ ሙሉውን ሚሞሪ ላይ አይከምርም። የጃቫን የኤክስኤምኤል ጅረት አንባቢ የሚያውቅ ሰው አጠቃቀሙን ወዲያው ይለምደዋል። «መስመር ተጀመረ፣ ክፍል መጣ፣ ሉፕ ተዘጋ» እያለ ይነግራችኋል።

የውጭኛውን ፖስታ፣ ማለትም አይኤስኤና ጂኤስን፣ በራሱ ያውቃል። የ271ን ውስጥ ግን ስኬማ ካልሰጣችሁት ሉፖቹን አያውቃቸውም። ስኬማውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። እዚህ ላይ የፈቃድ ጉዳይ ይነሳል። የኤክስ12 ዝርዝር መመሪያዎች፣ ቲአር3 የሚባሉት፣ በክፍያና በፈቃድ የሚሰጡ ናቸው። የላይብረሪው ፈቃድ ነጻ ስለሆነ መመሪያውም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ክላየንታችሁ መመሪያውን ገዝቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የዶላር ክፍያ ለነሱ ከኛ ይቀላል።

ስኬማ መጻፉ ጊዜ ይወስዳል። ግን አንዴ ከተጻፈ በእጃችሁ ነው። ጥብቅ የሚሆነውን ጥብቅ፣ የሚላላውን ልል ታደርጉታላችሁ። ከላይ ያነሳሁት የጥብቅነት ችግር እዚህ በእናንተ ውሳኔ ይፈታል። ሌሊት በባች የሚመጡ ትልልቅ ፋይሎች ካሏችሁ ጅረቱ ጥቅሙ ይታያል። ለቅጽበታዊ ጥያቄ ግን ፍጥነት መምረጫ አይሁንባችሁ። ቅጽበታዊው ጥያቄ የአንድ ታካሚ ነው፤ መልሱም ትንሽ ፋይል ነው። ከ2013 ጀምሮ ግዴታ የሆነው የአሠራር ደንብ ለደርሶ መልሱ የሚፈቅደው 20 ሰከንድ ነው። ጊዜውን የሚበላው መንገዱና ኢንሹራንሱ እንጂ ፓርሰሩ አይደለም።

ኖድ-ኤክስ12

ሁሉ ነገራችሁ ጃቫስክሪፕት ወይም ታይፕስክሪፕት ከሆነ ይህ አለ። ቀላል ነው፤ ቶሎ ይነሳል። መስመሮቹን በአጭር የመጠየቂያ ቋንቋ ትፈልጋላችሁ። ፋይልም ይሠራል፤ 270 ለመላክ ይረዳል። የ271ን ሉፖች ግን ራሱ አምጥቶ አይሰጣችሁም። ዛፉን ከኤችኤል መስመሮች የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። «ይህ ኢቢ የአባትየው ነው ወይስ የልጁ?» የሚለው ሸክም በናንተ ትከሻ ላይ ነው። የምትፈልጉት ሽፋኑ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ብቻ ከሆነ ይበቃል። ዲዳክቲብል ካለበት እኔ ለዚህ ክፍል ብቻ ፓይተን ወይም ጃቫ ባመጣ እመርጣለሁ።

ክሊሪንግ ሀውሱ ጄሰን ቢሰጠንስ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በክሊኒኮችና በኢንሹራንሶች መሀል የሚቆሙ ክሊሪንግ ሀውሶች አሉ። ብዙዎቹ 271ን ፈትተው በጄሰን ይሰጣሉ። ለትንሽ ቡድን ይህ ብዙ ሥራ ያቀላል። መጀመሪያ ደንበኛ ለማግኘት ለሚሮጥ ድርጅት «ፓርሰር አትንኩ፣ በዚህ ጀምሩ» እላለሁ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጄሰኑ የኢቢን ችግር አያጠፋውም። ሦስቱ ሲዎች በጄሰንም ሦስት ሆነው ይመጣሉ፤ 23 እና 29ን የምትለዩት እናንተው ናችሁ። ሁለተኛ፣ የጄሰኑ ቅርጽ የዚያ ድርጅት ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ከትልልቆቹ ክሊሪንግ ሀውሶች አንዱ የሆነው ቼንጅ ሄልዝኬር በሳይበር ጥቃት ሲቆም በአሜሪካ ብዙ ክሊኒኮች በአስቸኳይ ሌላ መስመር መፈለግ ነበረባቸው። 271 የትም ቢሄድ 271 ነው፤ የአንዱ ጄሰን ግን ከሌላው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ጄሰን ብትጠቀሙም ጥሬው 271 አብሮ እንዲመጣ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ውል ከመፈረሙ በፊት የሚነሳ ጥያቄ ነው።

የሰው መረጃ ነው

271 ውስጥ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና የአባልነት ቁጥር አለ። በሂፓ መረጃን ስም አልባ ለማድረግ መውጣት ያለባቸው የመለያ ዓይነቶች 18 ናቸው፤ ከነሱ ብዙዎቹ በዚህ ፋይል ላይ ተደርድረዋል። እኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) የግል መረጃ ጥበቃን ደንግጓል።

በተግባር ምን ማለት ነው? እውነተኛ 271 ኢንተርኔት ላይ ባለ «ነጻ መፍቻ» ገጽ ላይ አይለጠፍም። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይህን እዩልኝ» ተብሎ አይላክም። ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጡ በካፌው ዋይፋይ የሚከፈት ነገርም አይደለም። ሁሉም ከላይ ያነሳኋቸው ላይብረሪዎች በራሳችሁ ማሽን ላይ ይሠራሉ፤ ኦፕን ሶርስ የመምረጥ አንዱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። የስህተት ሎጋችሁንም እዩት። ፓርሰሩ ሲወድቅ የወደቀውን መስመር እንዳለ ሎግ ላይ የሚጽፍ ከሆነ የታካሚው ስም እዚያ ተቀምጧል።

የኔትወርክ ነገርም አለ። ጥቅሎቹን በፒፕ ዳውንሎድ ወይም በሜቨን አውርዳችሁ በቢሮው ሰርቨር ላይ አስቀምጡ፤ ቅጂያቸውን ቆልፉ። መስመር የተቋረጠ ቀን ቢልዳችሁ እንዳይቆም።

በአንድ ከሰዓት መፈተሽ

በመግለጫ አትምረጡ፤ በፋይል ምረጡ። ሜዲኬር በዋናነት ለአረጋውያን የሚሆን የአሜሪካ መንግሥት ኢንሹራንስ ነው፤ ኤችኢቲኤስ የሚባለው የብቁነት መጠየቂያ ሥርዓቱ የ270/271 ኮምፓኒየን ጋይድ (አጋዥ መመሪያ) በነጻ ይወርዳል። ብዙ የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮችም የሜዲኬይዳቸውን (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሆነውን የመንግሥት ኢንሹራንስ) መመሪያ ያወጣሉ። እነሱን አንብባችሁ የራሳችሁን የፈጠራ ፋይሎች ሥሩ።

እኔ የማላልፋቸው እነዚህ ናቸው። ልጅ በአባቱ ስር ያለበት አንድ ፋይል። ሦስት ሲ ያለበት፣ ከላይ እንዳየነው። አንድ ኢቢ ላይ ብዙ የአገልግሎት ኮድ የተደረደረበት። 42 የኢንሹራንሱ ደረጃ ላይ፣ 75 የተመዝጋቢው ደረጃ ላይ የመጣበት። መለያው ከኮከብ ሌላ የሆነና አዲስ መስመር የሌለበት። በመጨረሻ ሆን ተብሎ አንድ ኮድ የተበላሸበት። ይህኛው ከሁሉም ይበልጥ ይናገራል። ላይብረሪው ሲያገኘው ይጮኻል? ዝም ብሎ ያልፋል? ወይስ የቀረውን አንብቦ የተበላሸውን ይጠቁማል? ዝም ብሎ የሚያልፈውን እኔ አልጠቀምም።

የቀን ነገርም ጨምሩበት። ቀኖቹ ዲቲፒ በሚባል መስመር ይመጣሉ፤ አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ «ከዚህ እስከዚህ» ሆነው። ብዙ ዲዳክቲብል ጃንዋሪ 1፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ፣ ከዜሮ ይጀምራል። የዚያን ሳምንት ጥያቄ ይበዛል። ትናንት ያስቀመጣችሁት «የቀረው 420» ዛሬ ተመልሶ 1500 ሆኗል። ካሽ የምታደርጉ ከሆነ ከዓመቱ መጨረሻ እንዳያልፍ አድርጉ።

ከዚያ ጊትሀቡን ክፈቱ። የመጨረሻው ለውጥ መቼ ነው? ኢሹዎች መልስ ያገኛሉ? በዚህ ዘርፍ ብዙ ፕሮጀክት በጥቂት ሰው ጫንቃ ላይ ነው የቆመው። ቀስ ማለቱ ብቻ አያስፈራኝም፤ ደረጃው ራሱ ከ2012 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ያው 5010 ነው። የሚያስፈራኝ ኮዱን አንብቤ መረዳት ካቃተኝ ነው። ፎርክ አድርጋችሁ ራሳችሁ ልትሸከሙት የምትችሉትን ምረጡ።

እኔ ብሆን

ለፓይተን ቡድን ሊኑክስ ፎር ሄልዝን ዋና አንባቢ አደርጋለሁ፤ የፓይኤክስ12ን መሣሪያዎች ለምርመራና ለሥልጠና አጠገቡ አስቀምጣለሁ። የሚመጡት ፋይሎች ብዙ ደንብ የሚጥሱ ከሆነ ቦታቸውን እቀያይራለሁ። ለጃቫ ቡድን ስቴኢዲአይ፣ ስኬማ ለመጻፍ ጊዜ ተይዞለት። ሁለት ሰው ብቻ ላለው ጀማሪ ድርጅት የክሊሪንግ ሀውስ ጄሰን፣ ጥሬው 271 እየተቀመጠ። በሁሉም ላይ ግን ኢቢን ወደ «የቀረ ዲዳክቲብል» የሚለውጠውን ክፍል ከላይብረሪው ለይታችሁ ጻፉት። ላይብረሪ ሊቀየር ይችላል፤ ያ ክፍል ግን የእናንተ ዋና ሥራ ነው። ቴስቱም እዚያ ይብዛ።

እዚሁ አገር ለጤና መድን ሥርዓት እየሠራችሁ ከሆነ ግን ከኤክስ12 አትጀምሩ። የአሜሪካ ሕግ እናንተን አያስገድድም፤ 271 የተሸከመው የዓመታት ጓዝ ለናንተ አይጠቅማችሁም። ፋየር የሚባለው የጤና መረጃ መለዋወጫ ደረጃ ለዚህ ጥያቄና መልስ የራሱ ሪሶርስ አለው፤ በጄሰን ይሠራል፤ ዝርዝሩ በነጻ ይነበባል። ለጃቫ ሀፒ ፋየር የሚባል ላይብረሪ አለ። በታንዛኒያና በኔፓል የሚሠራበትን ኦፕንአይኤምአይኤስ የተባለ የመድን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርንም ኮዱን ከፍታችሁ ብታዩት የመድን ብቁነት ጥያቄ እንደኛ ባለ አገር እንዴት እንደሚስተናገድ ታገኛላችሁ።